ጨፌውን የተሻገርኩበት ቀን

ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር ተምሬ፣ የዕድሜዬን እኩሌታ ግን ጓሳ ሚካኤል በምትባል የደጋ መንደር ለምን እንዳሳለፍኩ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ «ሥራ ነው» ብዬ አልፈዋለሁ። ነገሩ ረጅም ነው፤ የነበሩበት ሰዎችም ብዙዎቹ አልፈዋል፤ እኔም ከጀመርኩት በኋላ መሐል ላይ ይደክመኛል። ዛሬ ግን ጠዋት ነው፣ ፀሐዩም ሸጋ ነው፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ወደ ሃያ ዓመት ግድም ይሆናል። እኔ ያኔ ቁስቋም አጠገብ ከታላቅ እኅቴ ጋር የምኖር፣ በአንድ የከተማ ትምህርት ቤት ታሪክ የማስተምር ጎረምሳ ነበርኩ። ከማስተምረው ሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ ምዕራፍ ነበረኝ። አንድ ሽማግሌ የሮማ ቄሣር ሁለት ልጆቹንና ስፍር ቁጥር የሌለው ሠራዊት አስከትሎ የብሪታንያን ሰሜን ሊያስገብር የዘመተበት ታሪክ ነው። ቄሣሩ እግሩን ስለሚያመው በቃሬዛ ነበር የሚጓዘው። የሰሜን ጎሣዎች ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አልገጠሙትም። ረግረግ ውስጥ ገብተው ይደበቃሉ። በጎችና ከብቶች ሜዳ ላይ ትተው ይሸሻሉ። የተራበው ወታደር ከብቱን ልንዳ ብሎ ሲገባ ጭቃ ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ ከየጥሻው ይወጡበታል።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ይስቁ ነበር። አባቶቻቸው የሮማ ወራሽ ነኝ ብሎ የመጣውን ጣሊያን በየገደሉ ሲያስጨንቁት የኖሩ ናቸውና፣ የድሮዋ ሮማ ጭቃ ውስጥ ስትዳክር መስማት ደስ ይላቸዋል። እኔም እያሳመርኩ እነግራቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ጓሳ ሚካኤል ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ሂድ ተባልኩ። ጓሳ ሚካኤል ከዳባት በላይ፣ የስሜን ተራሮች ሊጀምሩ ሲሉ ያለች ገብስ አብቃይ መንደር ናት። ትምህርት ቤት ይባል እንጂ ገና ቤቱ አልተሠራም፤ ሄጄ እኔው ላሠራ ነው። ሳልነሣ ግን ሌላ ወሬ መጣ። የጓሳ ሚካኤል ሰዎች መሬታቸውን በቃላድ ገመድ ሊለኩ የመጡትን አባረዋል፣ ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ተራራ ወጥተዋል፣ ጦርም ሊላክባቸው ነው ተባለ። ያን ጊዜ መሬት መለካት ማለት ለገበሬው የግብር መጨመር ብቻ አልነበረም፤ ርስቱን ከእጁ ሊያወጡበት እንደሆነ ነበር የሚያየው። እንግዲህ የእኔ ጉዞ ይቀር ይሆናል ብዬ ብጠይቅ፣ የላኩኝ ሰዎች «መንገዱ አስጊ ስለሆነ ከጦሩ ጋር ሂድ» አሉኝ።

ልጆቻቸውን ላስተምር የምሄደው አባቶቻቸውን ሊወጋ ከሚሄድ ጦር ጋር ነው ማለት ነው። ነገሩ ከንክኖኝ ነበር፤ ግን የታዘዘ ሰው ነኝ። መጽሐፌንና ጠመኔዬን በሁለት ሣጥን አሽጌ፣ ግንቦት ሲጋመስ ተነሣሁ።

እስከ ዳባት በካሚዮን ሄድን። ከዚያ በኋላ እግርና በቅሎ ነው። የጦሩ አዛዥ ሻምበል አድማሱ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። በጣሊያን ጊዜ በዚያው ደጋ በአርበኝነት የኖሩ ሰው ናቸው። ዘመናዊ ትምህርት ስላልነበራቸው ታናናሾቻቸው በማዕረግ አልፈዋቸው እሳቸው ሻምበል እንደሆኑ ቀርተዋል። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸው፣ በጨርቅ ጠቅልለውት ነበር በቅሎ የሚቀመጡት። ምክትላቸው መቶ አለቃ ግርማ የሚባል፣ ከጦር ትምህርት ቤት የወጣ፣ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራውን በደንብ ለመሥራት የሚጨነቅ፣ እንቅልፍ የሌለው ሰው ነበር።

ሻምበሉ የመጀመሪያው ዕለት ሣጥኖቼን አይተው ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ። መጽሐፍ ነው አልኳቸው። የምን መጽሐፍ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የታሪክ አልኩ። «እንግዲያው አንድ ንገረኝ፤ መንገዱ ያጥርልናል» አሉኝ። እኔም የማውቀው፣ የለመድኩት እሱ ነውና የቄሣሩን ዘመቻ ጀመርኩላቸው። በቃሬዛ መሄዱን ግን ዘለልኩት። እሳቸው ፊት ማውራት አሳፈረኝ።

ተማሪዎቼ እንደሚያዳምጡት አላዳመጡኝም። አንድ ጊዜም አልሳቁም። ሠራዊቱ ምን ይበላ እንደነበር ጠየቁኝ። ጫማቸው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁኝ። ጠላታቸውን በዓይናቸው አይተውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቁኝ። መጽሐፉ የሚለውን ያህል መለስኩ። መራመድ ያቃታቸውን ወታደሮች፣ በጠላት እጅ እንዳይወድቁ ጓደኞቻቸው ራሳቸው ይገድሏቸው እንደነበር ስነግራቸው፣ በቅሏቸውን አቁመው ወደኋላ፣ ወደ ሰልፉ ዞረው አዩ። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ደጋው ላይ ከወጣን በኋላ የነበረው ሁሉ ተመሳሳይ ነው። ጉም ነው። ብርድ ነው። ጥሎ የሚያባራ፣ መልሶ የሚጥል ዝናብ ነው። መንደር እንገባለን፤ ሰው የለም። በሩ ክፍት ነው፣ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ጎተራው ተጠርጎ ባዶ ነው። ምንጩ ውስጥ አመድ ተጨምሮበታል። የእርሻ ወቅት ሆኖ ማሳው አልታረሰም፤ ሞፈርና ቀንበሩ እየተነቀለ ተወስዷል። ከገደሉ አናት ድንጋይ ይንከባለላል፤ ቀና ስንል ጉም ብቻ ነው። አንድ ቀን አንዲት ጥይት ተተኩሳ የስንቅ በቅሎ ጣለች። ከወዴት እንደመጣች እንኳ ሳናውቅ ዋልን። ከዚያ ወዲህ በሶውም እያለቀ ሄደ። የወታደሩ ልብስ ደርቆ አያውቅም፤ እግራቸው እየተላጠ ያነክሱ ጀመር። ንግግርም ቀነሰ። ሁሉም የሚያየው ከፊቱ ያለውን ሰው ተረከዝ ነው።

የሻምበሉ እግር ብሶባቸው ትኩሳት ያዛቸው፤ በቅሎም መቀመጥ አቃታቸው። በድንኳን ሸራና በሁለት እንጨት ቃሬዛ ተሠራላቸው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሞላ የሚባል የማክሰኝት ልጅ፣ አሥር አለቃ ነው። ሁሉም ዝም ሲል እሱ ብቻ የሚያወራ፣ ብርዱን የሚሰድብ ሰው ነበር። ቃሬዛውን ስለሚሸከም የእኔን ታሪክ እሱም አብሮ ይሰማል።

አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ልናርፍ ቃሬዛውን መሬት እንዳስቀመጡት፣ ሻምበሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠሩኝ።

«ያ ቄሣር በምን ነበር የሚሄደው?»

«በቃሬዛ።»

«አልነገርከኝም።»

«ዘልዬው ነው፣ ሻምበል።»

ፈገግ አሉ። በዚያ ጉዞ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሽማግሌው እዚያው በሰሜን በአንዲት ከተማ ታሞ እንደሞተ፣ ልጆቹም ከጎሣዎቹ ጋር ታርቀው፣ የያዙትን መሬት ትተው ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ነገርኳቸው።

የተኙ መስሎኝ ልነሣ ስል «እስኪሞት ምን አስጠበቃቸው?» አሉ። ሞላ የቃሬዛውን እንጨት ይዞ ቁጢጥ ብሎ ይሰማ ነበር።

ዋናው ነገር የሆነው በማግስቱ ነው።

ጠዋት ጉሙ ተነሣ። ከስንት ቀን በኋላ ፀሐይ አየን። የሰፈርንበት ኮረብታ ሥር ሰፊ ጨፌ ተዘርግቷል፤ አረንጓዴ፣ ለጥ ያለ፣ ውኃው እዚህም እዚያም የሚያብለጨልጭ። መሐሉ ላይ ከብት ይግጣል። የሰቡ በሬዎች፣ ላሞች፣ ጊደሮች። ከጨፌው ማዶ ጅብራ የበቀለበት ቋጥኛማ ተረተር አለ፤ እሱም ጸጥ ያለ ነው። ወታደሩ ሁሉ ተነሥቶ ቆሞ ያያል። ሥጋ ከቀመሱ ቆይተዋል።

እኔ ያየሁት ግን እረኛ አለመኖሩን ነው። በእርሻ ወቅት፣ በጠላት ፊት፣ ያን ያህል በሬ ያለ ጠባቂ የሚተው ገበሬ የለም። መጽሐፉ ውስጥ ስንት ጊዜ ያነበብኩት ነገር ዓይኔ ፊት ቆሟል። ሮጬ መቶ አለቃ ግርማን ያዝኩት።

«ከብቱ ለማታለያ የተተወ ነው፤ እረኛ የለውም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። ፊቱ በእንቅልፍ እጦት ጠቁሯል። «ግን ዛሬም ካልበሉ ነገ መሄድ አይችሉም። መትረየሱን ኮረብታው ላይ ጠምጄ ነው የምልካቸው።»

ሻምበሉን ላስነሣ ሄድኩ። ትኩሳት ላይ ስለነበሩ ቶሎ አልነቁልኝም። ቀስቅሼ የሆነውን ስነግራቸው ተነሥተው ሊቆሙ ሞከሩና ወደቁ። «ጨፌውን አውቀዋለሁ» አሉ። «የጣሊያንን በቅሎዎች ያሰጠምነው እዚሁ ነው። እኔና ፈንቴ።» ፈንቴ ማን እንደሆኑ አውቅ ነበር። ተራራ የወጡት የጓሳ ሚካኤል ሰዎች አለቃ፣ አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

ቃሬዛውን አሸክመን ኮረብታው ጫፍ ስንደርስ ግን ረፍዷል። ወታደሮቹ ጨፌው መሐል ገብተዋል። ከማዶ ፉጨት ተሰማ፤ ከብቱ ሁሉ ቀና ብሎ፣ መንገዱን የሚያውቅ ነውና በአንድ መስመር ተከታትሎ ወደ ተረተሩ ወጣ። ወታደሮቹ ሊከተሉት ሲሉ ጭቃው ዋጣቸው። አንዳንዱ እስከ ጉልበቱ፣ አንዳንዱ እስከ ወገቡ። ያን ጊዜ ተረተሩ ተናገረ። ጥይቱ ውኃውን እያነሣ ዙሪያቸውን ይመታል። ሊገድሏቸው ቢፈልጉ አንድም አይተርፍም ነበር፤ ግን አንዱ ተኳሽ ሳተ ወይም ሌላ ነገር አሰበ፣ ከመሐላቸው አንድ ሰው ጮኸና ወደ ጎኑ ወደቀ። ቃሬዛውን ለሌሎች ትቶ ከብቱን ሊነዱ ከወረዱት ጋር የሄደው ሞላ ነበር።

መቶ አለቃው መትረየሱን ወደ ተረተሩ አዞረ። ከማዶ አንድ ሻካራ ድምፅ ተጣራ።

«አድማሱ! መትረየሱን ያዝልን። ልጆችህን አንፈልጋቸውም።»

ሻምበሉ «እንዳትተኩስ» አሉ። መቶ አለቃው ትእዛዙ ምን እንደሚል አስታወሳቸው። ከነሕይወታቸው ወይም ሬሳቸውን አምጡ ነው የተባልነው አለ። ሻምበሉ ቃሬዛቸው ላይ ተደግፈው ጨፌውን በእጃቸው አሳዩት።

«አንተ ስትተኩስ እነሱም ይተኩሳሉ። እነዚህን ከጭቃው ማን ያወጣልኛል?»

መቶ አለቃው እጁን ከመትረየሱ ላይ አነሣ። ግን ወዲያ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ወታደር ከሄደ ይመቱታል፤ ሻምበሉ መቆም አይችሉም። «እኔ ልሂድ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር። ጀግንነት አይደለም። ጠመንጃ ያልያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ዞሬ ባይ ሌላ ሰው የለም። ሻምበሉ ነጭ ጋቢያቸውን ሰጡኝና የከብቱን እበት እያየሁ፣ እሱ ያለበትን ብቻ እየረገጥኩ እንድሄድ ነገሩኝ።

ጋቢውን በዱላ ላይ አስሬ ወረድኩ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ይወዛወዛል። ከእበት ወደ እበት እየተሻገርኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ ቀና ማለት ፈርቼ ሄድኩ። መሐል ላይ ስደርስ ሞላን አገኘሁት። ጭኑን ተመትቷል። ጓደኛው ብብቱን ይዞ ጭቃው እንዳይውጠው ይታገላል። ሞላ ሲያየኝ እጁን ዘረጋ።

«አስተማሪ» አለኝ፣ «በእጃቸው እንዳትተዉኝ። መሄድ እንደማልችል ለሻምበሉ ንገርልኝና እንደዚያ እንደ ሮማዎቹ አድርጉኝ።»

ቃሉ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መንገድ ይጠርልን ብዬ ያወራሁትን ታሪክ ይህ ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ እየሰማ፣ የራሱ አድርጎ ይዞታል። አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች የሳቁበት ወታደር ጭቃ ውስጥ ሆኖ እጄን ያዘኝ። «ማንም አይነካህም» አልኩት። ይህን የምልበት ምንም ሥልጣን አልነበረኝም። አልኩት ግን።

ተረተሩ ላይ ስወጣ ሁለት ሰዎች ፈትሸው ወደ አያ ፈንቴ ወሰዱኝ። ከቋጥኝ ሥር ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ምንሽራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ያሰብኩት አስፈሪ ሰው ነበር፤ ያገኘሁት ሲያስሉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ዓይናቸው የቀላ ሽማግሌ ነው። ዙሪያቸው ያሉትም እንደኛው ወታደር ከንፈራቸው የተሰነጠቀ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጡ ናቸው። ከበስተኋላ፣ ከዋሻው በኩል የሕፃናት ሳል ይሰማል። ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው እዚያ ነው የከረሙት።

ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አስተማሪ ነኝ አልኳቸው።

«የማን አስተማሪ?»

«የእናንተ ልጆች። ጓሳ ሚካኤል ነው የተመደብኩት።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አያ ፈንቴ ሻምበሉ እንዴት እንደሆኑ ጠየቁኝ። መታመማቸውን፣ በቃሬዛ መምጣታቸውን ነገርኳቸው። «ምነው በበሽታው ወጣ?» አሉ፣ እንደ ዘመድ። ታዘው ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የሚፈልጉትን ነገሩኝ። ጦሩ በመጣበት ይመለስ፣ ቤት እንዳያቃጥል፣ እነሱም አይተኩሱበትም። የቆሰለው ልጅ በዚህ ገደል ሲሸከሙት ይሞታልና እስኪድን እነሱ ጋ ይቆይ።

«አንተም አብረኸው ትቆያለህ» አሉኝ። «ሌላ ጦር ቢመጣ የምንናገርበት ሰው ይኑረን። ደግሞስ ልታስተምር አይደል የመጣኸው?»

ይህን ለሻምበሉ ላድርስ ብዬ ስነሣ እጃቸውን አነሡ። ከአድማሱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ አሉ። ተደግፈው ተነሥተው፣ ምንሽራቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው፣ ወደ ጨፌው ዳር ወረዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ወዲያ ማዶ ሻምበሉን በቃሬዛ አውርደው ውኃው ዳር አስቀመጧቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ መሐላቸው ወገቡ ድረስ የሰመጠ ሰው እያለ፣ ተያዩ።

«አድማሱ፣ እንደምን ሰነበትህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንደምን አለህ? ባለቤትህ ደህና ናት?»

«ሞተች። ኅዳር ዓመት ሆናት።»

«አልሰማሁም። ነፍስ ይማር።»

«ያንተ ልጆች?»

«ደህና ናቸው። አደጉ።»

ሰላምታው ቀጠለ። ስለ አንድ አብሯቸው ስለነበረ ሰው፣ ስለ አንድ ያረጀ በቅሎ ተጠያየቁ። ጭቃው ውስጥ ያሉት ወታደሮች አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አንገታቸውን ያዞራሉ። ማንም ሊያቋርጣቸው አልደፈረም። በመጨረሻ አያ ፈንቴ «ምነው መጣህ?» አሉ።

«ታዘዝኩ።»

«አሁንስ?»

ነፋሱ ሣሩን ሲያስተኛው አየሁ።

«አሁን ልመለስ ነው» አሉ።

«ምን ትላቸዋለህ?»

«ደከመኝ እላቸዋለሁ።»

መቶ አለቃ ግርማ ከቃሬዛው አጠገብ ቆሞ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት፣ ይህን በሪፖርት መጻፍ ግዴታው እንደሆነ ነግሯቸው፣ እሳቸውም እንዳለ እንዲጽፈው ፈቅደውለታል። ያን ጊዜ ያየሁት ግን ጫማውን አውልቆ ገመድ ሲይዝ ነው። ከወዲህ የጓሳ ሚካኤል ሰዎች የበሬ ጠፍር ቀጣጥለው ጣሉ፤ ከወዲያ ወታደሮቹ የድንኳን ገመድ ጣሉ። ሲጎትቱ ሲጎተቱ ዋሉ። አንድ የመንደሩ ጎበዝ የያዘው ወታደር የማን ወገን እንደሆነ ሳያስብ ወደ ተረተሩ ጎትቶ አወጣው፤ ወታደሩም ጭቃውን እየጠረገ ተቀመጠ፣ ውኃ ሰጡት፣ ጠጥቶ በእበቱ መንገድ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጦሩ ድንኳኑን ነቅሎ ወረደ። ሻምበሉ ከቃሬዛው ላይ እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ ለእኔ ይሁን ለአያ ፈንቴ አላወቅሁም።

ሻምበል አድማሱ ከሥራቸው ተሰናበቱ። ጎንደር አንድ ትንሽ ቤት ይዘው ተቀመጡ፤ ክረምቱ ከወጣ በኋላ እዚያው አረፉ። በኋላ ስጠይቅ፣ ለጠየቃቸው ሁሉ ያንኑ «ደከመኝ» ብቻ ይሉ እንደነበር ነገሩኝ።

እኔና ሞላ ክረምቱን በአያ ፈንቴ ቤት አሳለፍን። ቁስሉን በማርና በቅጠል እያሰሩ አዳኑት። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ላይ፣ ዝናብ በማይመታው በኩል፣ ከዋሻ የወረዱትን ልጆች ሰብስቤ ፊደል ጀመርኩ። ምሳ ላይ አያ ፈንቴ ይመጡና ትንሽ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ሞላ የሮማዎቹን ታሪክ እንድነግራቸው አስቸገረኝ፤ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ከሄዱ በኋላ እነዚያ የሰሜን ሰዎች ምን እንዳደረጉ ጠየቁኝ። መጽሐፉ ይህን አልጻፈም አልኳቸው። «እንግዲህ ዘግይተው ዘርተው ይሆናል» አሉና ብርድ ልብሳቸውን ሰብስበው ተነሡ።

እኛም ዘግይተን ነበር የዘራነው። ገብሱ ሳይደርስ ውርጭ መታው፤ ያን ዓመት መንደሩ ሁሉ በልቶ ያደረው እየተበደረ ነው። ሞላ በእግሩ መቆም ሲችል ወደ ማክሰኝት ሄደ። እኔም ከዚያ ወዲያ መሄድ እችል ነበር፤ የከለከለኝ ሰው የለም። ትምህርት ቤቱን ሠራን፣ ልጆቹ በዙ፣ ሚስትም ከዚያው አገባሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሬት ለኪዎቹ ተመልሰው መጡ። ጦር አልያዙም፤ ጃንጥላና ገመድ ብቻ። ማንም ተራራ አልወጣም። አያ ፈንቴ የራሳቸው ማሳ ሲለካ፣ ለኪው ሰው አጥቶ ሲቸገር አይተው፣ የገመዱን ጫፍ ራሳቸው ያዙለት። እኔ ስመለከታቸው «ሁለተኛ ጊዜ አልችለውም፣ አስተማሪ» አሉኝ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን እንደለወጠብኝ ትጠይቁኝ ይሆናል። ያን ምዕራፍ ማስተማር አልተውኩም። ግን አሳምሬ መንገሩን ተውኩት። ወታደሩ ስሙ ማን ነበር፣ ከብቱ የማን ነበር፣ ማሳው ያን ዓመት ታረሰ ወይ እያልኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ መልሱን አላውቅም፣ እነሱም አያውቁም፣ ግን ክፍሉ ውስጥ የሚስቅ ጠፋ። እናንተም ስለ ዘመቻ ስታነቡ፣ የቱ ወገን ረታ የሚለውን ከመፈለጋችሁ በፊት ያን ዕለት ጭቃ ውስጥ የቆሙትን ፈልጓቸው እላለሁ። ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ አባቷ ያን ቀን ተረተሩ ላይ ከነበሩት አንዱ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ቆማ ጠበቀችኝና «ታዲያ ማን አሸነፈ?» አለችኝ። ስለ ሮማዎቹ ይሁን ስለኛው ጨፌ አልገለጸችም። እኔም ብመልስላት ልክ የምሆን አልመሰለኝም። ሄዳ አባቷን እንድትጠይቅ ነገርኳት።

በማግስቱ ጠዋት መጣች። ጠየቅሽው ወይ አልኳት።

«ከእርሻ ገብቶ ተኝቶ ነበር» አለችኝ። «በጣም ደክሞት ነበር፤ አልቀሰቀስኩትም።»

ደግ አደረግሽ አልኳትና መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ሒሳብ ገባን።